ከፊት ያለው ስለት

የወጣሁበት ማታ እናቴ እራት አላቀረበችልኝም። ፀሐይ መጥለቋ ነበር። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ከከተማው ጥግ ያለው የአክስቴ ቤት ገብቼ ማደር፣ ሲነጋ ደግሞ ወደ ትክል ድንጋይ በሚሄደው ማኪና መሳፈር ነበረብኝ። «ቁጭ ብለሽ ከበላሽ እኔው ነኝ የማስቀርሽ፤ እንደቆምሽ ሂጂ» አለችኝና ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። እዚያው ለቀራችሁትም፣ እንደ እኔ በየሰው አገር ለተበተናችሁትም የምጽፈው ይህ ታሪክ ከዚያች ቋጠሮ ይጀምራል።

ስሜ ትርንጎ ነው። ያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ሆስፒታል፣ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። ሥራዬ የበሽተኛ ካርድ ፈልጎ ማውጣት ይሁን እንጂ ልቤ ያለው ከኮሪደሩ ማዶ፣ ማዋለጃው ክፍል ነበር። አዋላጆቹ አንዲት ሴት ብቻዋን አስገብተው ሁለት ሆና ስትወጣ እያየሁ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ። እንደነሱ መሆን እንደምፈልግ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ደግሞስ ማን ጠይቆኝ! በዚያ ዘመን ዕቅድ የሚያወጣው መንግሥት ነው፣ ዓላማ ያለው አብዮቱ ነው፣ የእኛ ድርሻ ማጨብጨብ ነው። አብራኝ የተማረች ልጅ በምርመራ ስሜን ጠራች ተብሎ አንድ ጊዜ ታስሬ ተፈትቼ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ልጠራ መሆኑ በጓሮ በኩል ሹክ ሲሏት እናቴ፣ ወይዘሮ አንጓች፣ የምትፈትለውን ጥጥ አስቀመጠችና «በቃ፣ ትወጫለሽ» አለች። አላማከረችኝም፤ እኔም አልተከራከርኩም።

ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት ስለማይቻል ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ እናቴ በልጅነቱ አዝላ ያሳደገችው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ሽጉጥ ከታጠቀ ወዲህ ግን ማንንም አያውቅም።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ ቀና ሳይል።

ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እስከ መጨረሻው አብራን ትጓዛለች። በእኛ አገር ቢሮ ውስጥ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ማለት «ምን አመጣሽ፣ ቶሎ ተናግረሽ ውጪልኝ» ማለት መሆኑን ለእናንተ አላስረዳም።

«ትክል ድንጋይ ለለቅሶ ልሄድ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ማን ሞተ?»

«አያቴ።»

«አያትሽ አምና ሞተው የለም እንዴ? እኔ ራሴ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ!»

«ተዝካራቸው ነው» አልኩ።

«ተዝካር የፊውዳሎች ብክነት ነው።»

«አዎ ጓድ። እሱን ላስቀር ነው የምሄደው።»

ረዘም አድርጎ አየኝ። ከዚያ ሳቁ መጣበት መሰለኝ፣ ፊቱን አዙሮ ማኅተሙን አነሳና ወረቀቱ ላይ መታልኝ። ገብቶት ይሁን ሳይገባው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ስወጣ ብቻ «ጠላው እንዳይበዛ ንገሪያቸው» አለኝ።

ያን ማታ ልወጣ ስል በር ላይ እናቴ ትከሻዬን ያዘችኝ። «መንገድ ላይ ስለት መሳልሽ አይቀርም» አለችኝ። «አንድ ብቻ ተሳይ። ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

ሕጉ የራሷ የእናቴ ሕግ ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ጠዋት የሰፈራችን ገብርኤል ሄጄ፣ ፈተና እንዳልፍ፣ ጫማ እንዲገዛልኝና የጠፋችው ዶሯችን እንድትመጣ ሦስት ስለት ተስዬ መጣሁ ብዬ ብነግራት የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ እሷ እቴ፣ ተቆጣች። «ምነው ልጄ! ገብርኤልን ባለሱቅ አደረግሽው እኮ! አንድ ትሳያለሽ። ሲሰምርልሽ ስለትሽን ታገቢያለሽ። ሳታገቢ ሌላ አትጠይቂም። ሳይሰምር ደግሞ ለሰው አይነገርም። ከፊት ያለው ይቅደም።» ከሦስቱ ምረጪ ስትለኝ ብዙ አሰብኩና ዶሮዋን መረጥኩ፤ እንቁላል ስለምትጥል ጫማውንም ደብተሩንም እሷው ታመጣለች ብዬ። ዶሮዋን ሸለምጥማጥ በልቷት ኖሮ ሳትመጣ ቀረች። ያልሰመረ ስለት ዕዳ የለበትም ተባልኩና ወደ ጫማው ተሻገርኩ። እናቴ ያንን ስታስታውስ ሁልጊዜ ትስቃለች፤ የዚያን ዕለት ግን በሩ ላይ አልሳቀችም። ስሄድ ቆማ እያየችኝ እንደሆነ አውቅ ስለነበር ዞር አላልኩም።

ከትክል ድንጋይ ጀምሮ የመራኝ እናቴ በሰው በኩል ያገኘችልኝ አያ ፈንታ ነው፤ በበቅሎ ጨው ወደ ቆላ እያወረደ ሰሊጥ ይዞ የሚወጣ የሳንጃ ነጋዴ። «ከተጠየቅሽ የእህቴ ልጅ ነሽ፤ ካልተጠየቅሽ ዝም ነሽ» አለኝ፤ በዚህ ተስማምተን ሄድን። ሃያ ዓመት ጎንደር ኖሬ ከእግሬ በታች እንዲህ ያለ አገር መኖሩን አላውቅም ነበር። በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ዛፉ ይለወጣል፣ ሰማዩ ይሰፋል። ደገኛ ነኝና ጋቢዬን መጀመሪያ አጠፍኩት፣ ከዚያ በቅሎዋ ላይ ጫንኩት። ኋላዬን ዞሬ ተራራውን ሳየው ደመናው ውስጥ ገብቷል፤ እናቴ እዚያ ደመና ውስጥ ጥጥ እየፈተለች ነው ብዬ ሳስብ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ከሳንጃ ወዲያ አንድ ሰፊ የሰሊጥ ማሳ ደረስን። አዝመራው ታጭዶ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ በየቦታው ተደጋግፎ ቆሟል። ፀሐይዋ ገና ከመሐል አናት ዘንበል ማለቷ ነው። በድንገት የሰው ድምፅ ተሰማ። አያ ፈንታ «ግቢ!» አለኝ። ነዶዎቹ መሐል ገብቼ ተቀመጥኩ። ሚሊሺያዎች ናቸው። የደረቀ ሰሊጥ አይነካም፤ በተነፈስኩ ቁጥር ከላዬ ፍሬው ሽር ሽር እያለ ይረግፋል፤ ፀጉሬ ውስጥ፣ አንገቴ ውስጥ ይገባል። አያ ፈንታን ውሃ ለመኑት፣ ቀዳላቸው። አንደኛው «ያ የሚንኮሻኮሸው ምንድነው?» አለ። አያ ፈንታ «አይጥ ነች እንጂ ምን ትሆናለች፤ ሰሊጤን ጨረሰችው» አለ፤ ከልቡ የተቃጠለ ይመስል ነበር።

ያን ጊዜ ተሳልኩ። ምን ልስጥህ ልበል? ከእጄ ምንም የለም፤ ያለኝ እግሬ ብቻ ነው። «ገብርኤል» አልኩ በሆዴ፣ «ከዚህ አገር በሰላም ብታወጣኝ፣ ከዚችው ማሳ ተነስቼ፣ በዚሁ መንገድ፣ በእግሬ ተመልሼ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ።»

ሰዎቹ ውሃቸውን ጠጥተው አመስግነው ሄዱ።

ድንበሩን ተሻግረን ሱዳን ምድር ላይ ስንቆም ስለቴ ሰምሯልና መናገር ተፈቀደልኝ። ለአያ ፈንታ ነገርኩት። መጀመሪያ ዝም ብሎ አየኝ፤ ከዚያ የበቅሎዋን አንገት ይዞ እስኪያነባ ሳቀ።

«ምነው ልጄ! ምነው! ሰው ሲሰደድ አመጣልሃለሁ ብሎ ይሳላል፤ እልክልሃለሁ ብሎ ይሳላል። ለመውጣት መመለስን የሚሳል ዛሬ ባንቺ አየሁ!»

እኔም መጀመሪያ አብሬው ሳቅኩ። ቀስ እያለ ነው የገባኝ። ያመለጥኩት ላልመለስ ነው፤ ያመለጥኩበት ዋጋ ደግሞ መመለስ ነው። ስለቱ ሰምሯል፣ ስለዚህ ዕዳ አለብኝ። ዕዳዬን ሳላገባ ሌላ መጠየቅ አልችልም። አያ ፈንታ ፊቴን አይቶ ሳቁን አቆመ። «ግድ የለም» አለኝ፣ «ሸጋ ስለት ነው። እሱ የሚያደርገውን ያውቃል።» በቅሎዎቹን አዙሮ ሄደ፤ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት።

ገዳሪፍ ላይ የመጀመሪያው ፖሊስ «ዳይራ ሽኑ?» አለኝ። ከጎኔ የነበረች የትግራይ ሴት «ምን ትፈልጊያለሽ ማለቱ ነው» ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ፤ አገር ተሻግሬ ቀበሌውን ያገኘሁት መሰለኝ። ስለ ገዳሪፍ ብዙ አልጽፍም፤ ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ። በአንዲት ሻይ ቤት ብርጭቆ አጠብኩ፤ ከብርጭቆው ላይ አቧራው አያልቅም። ሌሎቹ ስደተኞች ማታ ማታ ወዴት መሄድ እንደሚፈልጉ ያወራሉ። አንዱ ካናዳ፣ አንዱ አውስትራሊያ ይላል። አንቺስ ሲሉኝ «እኔ እንጃ» እላለሁ፤ ኩራት ይመስላቸው ነበር። ስደተኛ የሚያስተናግዱት ሰዎች ዝርዝራቸው ላይ ስሜን አግኝተው ስዊድን ደረሰሽ ሲሉኝም አልጠየቅኩም፣ እንቢም አላልኩም። እንደ ዕቃ ተጫንኩ።

ኡሜኦ የምትባለው ከተማ ስዊድን ካርታ ላይ ከላይ፣ ከላይ ነች። ለቅዝቃዜ አዲስ አይደለሁም፤ ደባርቅን አውቃታለሁ፤ የጧት አመዳይ አይቻለሁ። ይኸኛው ግን ሌላ ነው። ሰማዩ ራሱ እንደ ጥጥ ተባዝቶ ሲወርድ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች ጠበቁኝ፤ አንድ ሰው እንኳ «ቀጥዪ!» አላለም። ይህም ገረመኝ።

የስደተኛ ቢሮዋ ሹም ፀጉሯ የነጣ፣ ሹራብ የለበሰች ሴት ነበረች። አስተርጓሚው የአስመራ ሰው ነው፣ አቶ ተስፋይ ይባላል። ሴትዮዋ ውሃ ቀዳችልኝ፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና አይን አይኔን እያየች «ቫ ቪል ዱ?» አለችኝ።

አቶ ተስፋይ ተረጎመ፦ «ምን ትፈልጊያለሽ?»

ብድግ አልኩ። ቦርሳዬን አነሳሁ። «ምንም! ምንም አልፈልግም፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልሄድ ነው» እያልኩ ወደ በሩ አፈገፈግኩ።

ሴትዮዋ ደንግጣ ምን ነካት ብላ ጠየቀች። አቶ ተስፋይ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ቁጭ በይ እህቴ» አለኝ። «እያባረረችሽ አይደለም። እየጠየቀችሽ ነው።»

«ምኑን?»

«የምትፈልጊውን ነዋ! መማር ነው፣ መሥራት ነው፣ ምን መሆን ነው የምትፈልጊው ነው የምትለው።»

ተቀመጥኩ። ስንት ቢሮ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ጥያቄው ያው ነው፣ ቃሉም ያው ነው፤ እውነት ጥያቄ ሆኖ የሰማሁት ግን የዚያን ዕለት ነው። መንግሥት ቁጭ ብሎ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ምን ልታዘዝ እንደሚል የቤት ሰው፣ እኔን ትርንጎን ምን ትፈልጊያለሽ አለኝ! እንባዬ መጣ። ሴትዮዋ «ችኮላ የለም፣ አስቢበት» አለችና ቋንቋ ትምህርት ቤት ጻፈችኝ።

የተከራየሁት ከአንዲት ኢንግሪድ ከምትባል አሮጊት ቤት ነው፤ ከላይ አንዲት ክፍል። እዚህ አገር አንቱታ የለም። የሰባ ዓመት ሴት፣ ሐኪሙ፣ ቄሱ ሳይቀሩ አንተ አንቺ ይባላሉ፤ አንደበቴ እንቢ ብሎኝ ብዙ ጊዜ ስም ሳልጠራ፣ ጎንበስ ብቻ እያልኩ ኖርኩ። መጀመሪያ ቀን ሽንኩርት አቁላልቼ ከገዳሪፍ ያመጣሁትን በርበሬ ጣል ሳደርግ ኢንግሪድ በባልዲ ውሃ ይዛ ደረጃውን ሮጣ ወጣች።

«ምንድነው የሚቃጠለው?»

«እራቴ ነው።»

«ለምን ታቃጥዪዋለሽ?»

«እንዲጥመኝ።»

ድስቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ አነጠሰች፤ ባልዲውን ግን ይዛው አልወረደችም፤ ለማንኛውም ብላ በሬ ላይ አስቀመጠችው። ክረምቱን ሙሉ እዚያው ነበር። እሷ የምትበላው ቅቅል ድንች ነው፣ ጨው እንኳ የምታሳየው በሩቁ ነው። ግን ደግ ነች። አንድ እሁድ እጄን ይዛ ወንዙ ዳር ወሰደችኝና ወደ መሐሉ ገባች። ወንዙ ላይ! ቆሞ ነበር፤ ያን የሚያህል ውሃ፣ ዓባይን የሚያህል፣ እንደ አለት ረግቶ። ሰው ከነልጁ ይሄድበታል። ጴጥሮስ የሰጠመበትን ውሃ እኔ ትርንጎ በፕላስቲክ ቦቲ ተራመድኩበት። ተንበርክኬ በእጄ ነካሁት። በስንብት ዓይን ያየኋቸው ተራሮች ትዝ አሉኝ፤ ዓለም ይህን ሁሉ ይዛ ዝም ማለቷ ገረመኝ።

በጋው ሲመጣ ደግሞ ሌሊቱ አልጨልም አለ። ይህንን ለእናቴ ብጽፍላት፣ ጎረቤት አስነብባ «ታዲያ ዶሮ መቼ ነው የሚጮኸው?» ብላ አስጻፈችልኝ። ሄጄ ኢንግሪድን ጠየቅኳት። ኢንግሪድም አላወቀችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በትምህርት ቤቱ ብሪታ የምትባል አስተማሪ ነበረችን። አንድ ጧት ሰሌዳው ላይ መሰላል ሳለች። «ዛሬ የእያንዳንዳችሁን ሞል መስማት እፈልጋለሁ። የቱ ይቀድማል፣ የቱ ይከተላል? ትርንጎ፣ ካንቺ እንጀምር።»

ሞል የምትለዋን ቃል አውቃታለሁ፤ ስደተኛ መቀበያው ውስጥ በቀን ሦስት ሞል እንበላ ነበር። ስለዚህ ተነስቼ፣ ረጋ ብዬ፣ «ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቺሌያዊው ጠረጴዛ ደበደበ፣ ኢራናዊቷ ዓይኗን ጠረገች። ለካ እነዚህ ሰዎች ምግብንም የሕይወት ዓላማንም በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት! ብሪታም ስቃ ስታበቃ «ጥሩ ነው፣ እሱ አለቀ። ከእራት በኋላስ?» አለችኝ።

«ከእራት በኋላ መናገር አልችልም።»

«ቋንቋው ከብዶሽ ነው?»

«አይደለም። ከፊት ያለ አለ።»

አልገባትም፣ አለፈችኝ። ሌሎቹ ተናገሩ። ቺሌያዊው ሁለት ልጆቹን ማስመጣት፣ ከዚያ አናጢነቱን መቀጠል። ኢራናዊቷ መጀመሪያ ቋንቋ፣ ከዚያ ጥርስ ሐኪምነት። መሰላሉ ላይ አንድ በአንድ ሲወጡ እያየሁ እቀናለሁ። ሰው የሚፈልገውን ነገር እንዲህ ጮክ ብሎ፣ በተራ በተራ፣ እንደ ዕቃ ሲደረድር ተአምር ነበር የሆነብኝ።

ጥቂት ሰንብቶ ብሪታ ለብቻዬ ጠራችኝ። የነርስ ረዳት ኮርስ ሊከፈት ነው፤ ከዚያ ነርስ፣ ከዚያ አዋላጅ መሆን ይቻላል። ካርድ ክፍል መሥራቴን ስለምታውቅ አስባልኛለች። «ስምሽን ልልከው እችላለሁ። ግን እኔ አልመርጥልሽም። እፈልጋለሁ ስትዪ ከአፍሽ መስማት አለብኝ። ቦታው ሊሞላ ነው።»

አዋላጅ! እፈልጋለሁ ለማለት አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣ አለኝ። የሳቀ ይሳቅ፣ በሰሊጡ መሐል ስቀመጥ ያወጣኝ እውነት ነው፤ የእሱን ሳልሰጥ ሌላ ስጠኝ ብዬ እጄን ብዘረጋ እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ? በተሰባበረው ስዊድንኛዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለቱን፣ ማሳውን፣ እግሬን፣ የእናቴን ሕግ። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ወደዚያ ብትመለሺ ይይዙሻል?»

«ይይዙኛል።»

«ከዚህ ቃል ሊፈታሽ የሚችል ማነው?»

«አላውቅም።»

«የሚያውቅስ ማነው?»

«እናቴ።»

«እንግዲያው ደውዪላት» አለችኝ፣ ቀላል ነገር ይመስል።

ጎንደር መደወል ያን ጊዜ እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ። በቴሌግራም ቀን ይቆረጣል፤ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ስልክ ቤት ሄዳ ወንበር ላይ ትጠብቃለች፤ መስመሩ በስንት አገር ዞሮ ይመጣል። የሚሰማን ሦስተኛ ሰው መኖሩንም ሁለታችንም እናውቃለን።

«ሀሎ! ትርንጎ! ትርንጎዬ! ድምፅሽ ቀጠነ፣ አትበዪም?»

«እበላለሁ እማዬ፣ ሦስት ሞል እበላለሁ።»

«ምን?»

«ምንም። እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ስወጣ፣ ማለቴ… ለአያቴ ተዝካር ስሄድ፣ አንድ ስለት ተስዬ ነበር። ሰምሮልኛል። ግን ማግባት አልቻልኩም። በእግሬ ነበር ያልኩት። ከዚያ ወዲህ ምንም መጠየቅ አልቻልኩም፣ ምን ላድርግ?»

መስመሩ ውስጥ ነፋስ የሚመስል ነገር ነፈሰ።

«እኔም የምነግርሽ ነበረኝ» አለች እናቴ ድምፅዋን ለውጣ፣ ለዚያ ለሦስተኛው ሰው በምታወራበት ድምፅ። «አምና ሰሊጥ አማረኝና ቆላ ወርጄ ነበር።»

«አንቺ? ቆላ?»

«ያ ነጋዴው ዘመዳችን መጥቶ፣ እየሳቀ እየሳቀ የሆነ ወሬ ቢያጫውተኝ ጊዜ አማረኝ። ማሳው ድረስ አሳየኝ። ሸጋ ማሳ ነው። ስመለስ በበቅሎ ውጪ ብሎ ለመነኝ፣ እንቢ አልኩ። በእግሬ ወጣሁ። እያረፍኩ፣ እያደርኩ። ቤቴም አልገባሁ፣ በቀጥታ ገብርኤል ሄድኩ። ያንን ዕቃም በእጄ አስገባሁ።»

ያ ዕቃ ጃንጥላው ነው። ከትክል ድንጋይ ወዲያ ወርዳ የማታውቅ ሴት፣ ዳገት ስትወጣ ልቧ የሚመታባት፣ ያንን ቆላ፣ ያንን ሐሩር፣ ያንን ገደል! እኔ ወንዝ ላይ መሄዴን እንደ ጉድ ስጽፍላት እሷ ያንን ሄዳ ዝም ብላለች።

«ምነው ሳትጽፊልኝ?»

«የምልክልሽን ደብዳቤ አንቺ ብቻ የምታነቢው መሰለሽ?»

«ግን እማዬ፣ እኔ በእግሬ ብዬ ነበር እኮ።»

«ታዲያ እግሬ አይደል?» ተቆጣች። «አንቺን በሆዴ ይዤ ስንት አገር የሄድኩበት እግር፣ ዛሬ የጎረቤት ሆነ? ገብቷል ብዬሻለሁ፣ ገብቷል። አሁን የምትፈልጊውን ጠይቂ።»

ከኢንግሪድ ቤት ኮሪደር ላይ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ አለቀስኩ። ቀለል አለኝ፤ ደግሞ ከበደኝ። ከዚያ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ብሪታን፣ ያቺን ሹራብ ለባሽ ሹም፣ የቀዳችልኝን ውሃ አስታወስኩ። እናቴን በዕድሜዋ ማንም ጠይቋት የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ድምፅዋ ሲመጣ አንሶ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ሰለቸሁሽ? ልዝጋው እንዴ?»

«አይ! አይ እማዬ፣ ጥያቄ ነው! እውነቴን ነው የጠየቅኩሽ! ከልብሽ የምትፈልጊው ምንድነው?»

«እ…» አለችና ቆየች፤ እንደ እኔው፣ ውሃ ተቀድቶላት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው። «እኔማ ተስያለሁ። አንድ ነው።»

«ምን?»

«ሳይሰምር ይነገራል እንዴ?»

ሦስተኛው ሰው ይሁን መስመሩ፣ ስልኩ ተቋረጠ።

በማግስቱ ጧት ብሪታ ፊት ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ በእነሱው ቋንቋ፣ አዋላጅ መሆን እፈልጋለሁ አልኩ። አሁን ትምህርቱ ተገባዶልኛል። የመጀመሪያዋን ልጅ በእጄ የተቀበልኩ ዕለት፣ ያች ሰማያዊ ነገር ቀይ ሆና ስትጮህ፣ እናትየዋን ረስቼ እኔ አብሬ ጮኽኩ፤ ሐኪሞቹ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። እግሮቿን ይዤ ብዙ አየኋቸው።

ቤት ስደውል ግን ነገሩ ያው ነው። የዓይን መነጽር ልላክልሽ እላታለሁ፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ክሩን በዳበሳ ነው አሉ የምትፈትለው። ወፍራም ሹራብ ልላክልሽ? ለጉልበትሽ መድኃኒት? ቢያንስ አንድ ነገር እፈልጋለሁ በይኝ እማዬ እላታለሁ።

«ቆይ» ትለኛለች። «ከፊት ያለው ይቅደም።»